መካከለኛው ቀበቶ

አቶ ተክለብርሃን የተገኙት አልጋቸው ላይ፣ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ነው። ፊታቸው ቀልቷል፤ ላላወቀ ሰው ገና ከቁር የገቡ ጤነኛ ሽማግሌ ይመስሉ ነበር። ከአልጋው ግርጌ የብረት ከሰል ምድጃ ተቀምጧል፤ እስከ አፉ አመድ ሞልቶታል። የክፍሉ አንድ መስኮት ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።

ያገኟቸው ታናሽ ወንድማቸው አቶ አባይነህ ነበሩ። እሑድ ጠዋት ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አስቀድሰው ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው ጎራ አሉ፤ በሩን ሲገፉት ተከፈተ። ያዩትን አይተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተመለሱና ከቅዳሴ በሚወጣው ሕዝብ ፊት፣ «ወንድሜን ሶሬቲ ገደለችው፤ ምድጃውን ውስጥ ትታበት ሄደች» አሉ። ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ፍርዱ ሰፈሩን አዳርሶ ነበር።

ሶሬቲ በሟቹ ግቢ የምትሠራ ልብስ ሰፊ ናት። ፈረንሳይ ሰፈር ካለው ቤቷ ሲወስዷት ጡት ያልጣለ ልጇን ለጎረቤት አስረክባ ወጣች። በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተጠርጥራ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት እንደምትቀርብ ተነገራት። «ስወጣ ምድጃውን በረንዳ ላይ አውጥቼዋለሁ» ብላለች። የሚያምናት አልተገኘም።

ከክፍለ ከተማው የወንጀል ምርመራ የተላከችው ኢንስፔክተር ሙሉጌጥ ጸጉሯ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ረዳቷ ሳጅን ሊሊሳ ክፍሉን አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየና፣

«የከሰል ጭስ ነው። ብርድ በገባ ቁጥር የምናየው ነው» አለ።

«ይሆናል። በሩን ተመልከተው።»

በሩ ከውስጥ በኩል ወፍራም የብረት መቀርቀሪያ አለው። አልተሰበረም፤ አልተነካም።

«ሳይቀረቅሩ ተኝተዋል ማለት ነው።»

«በዚህ ባሕር ዛፍ መሀል ብቻህን ብትኖር ሳትቀረቅር ትተኛለህ?»

«እኔ ባለቤቴ አጠገቤ እያለችም እቀረቅራለሁ» አለ ሊሊሳ።

ኢንስፔክተሯ ብርድ ልብሱን ከአስከሬኑ ላይ ቀስ ብላ ገለጠች። የሽማግሌው ቀኝ እጅ ከመዳፍ እስከ ክንድ አጋማሽ በጥቁር ጨርቅ ተጠፍሯል። ከጨርቁ ሥር በመዳፉ በኩል ጠፍጣፋ ብረት አለ፤ ከላይ ሦስት ሰፋፊ ቀበቶዎች ይዘውታል።

«ተሰብረው ነበር እንዴ?»

«አይደለም። የእጅ አንጓ መደገፊያ ነው፤ እዚህ ግቢ የሚሠራው ይኸው ነው» አለች። «ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ የሚያደርግ እጅ በስተመጨረሻ ያምፃል። የሚሰፋ፣ የሚጽፍ፣ ጸጉር የሚጎነጉን ሰው አንጓው ውስጥ ያለው ነርቭ ይጨፈለቅና ጣቱ ይደነዝዛል፤ ሌሊት ደግሞ ይብሳል። ይሄ አንጓው እንዳይታጠፍ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆዳ ሲቆርጡ ኖረው ራሳቸውም ታመሙ።»

«ብዙ ያውቃሉ።»

«እኔስ ዕድሜዬን ሙሉ ምን ሳደርግ የኖርኩ ይመስልሃል? ሪፖርት ስጽፍ።»

ጎንበስ ብላ ቀበቶዎቹን አስተዋለች። ሦስቱ ተጠጋግተው ስለተሰፉ የአንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ ይደረባል። አንዱ በጣቶቹ በኩል፣ አንዱ በክንድ በኩል፣ መካከለኛው ልክ አንጓው ላይ። የመካከለኛው ሁለቱም ጠርዞች ከጎረቤቶቹ በላይ ናቸው።

«ፎቶ አንሳልኝ። ከላይም፣ ከጎንም።»

«እጃቸውን?»

«ቀበቶዎቹን።»

ከዚያ በመስኮቱ ሥር ወዳለው ጠረጴዛ ሄደች። ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች ታጥበው በጨርቅ ላይ ተደፍተዋል። የምድጃውን አመድ በእንጨት ስታገላብጥ አንድ ነገር ቃ አለ። የጠቆረ፣ እንደ መስመሪያ ቀጭን የሆነ ብረት ነው፤ አንድ ጫፉ ወደ ውስጥ ጎበጥ ብሏል። በላስቲክ ከረጢት ከተተችው።

አስከሬኑ እንደተሸፈነ ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ።

አቶ አባይነህ በግቢው ግንድ ላይ ተቀምጠው ነበር። ነጠላቸውን በኀዘን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

«ሲገቡ ምን ነኩ?» አለቻቸው።

«ግንባሩን። ቀዝቅዟል። ሌላ ምን እነካለሁ? ወጣሁ።»

«ባለፈው ሰሞን ስለ ባሕር ዛፉ ድንበር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ተጣልተናል። ወንድማማች ምን ይሠራል ታዲያ? ይጣላል፣ ከዚያ አብሮ ያስቀድሳል።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ያቺን ልጅ ግን አልምራትም።»

ኢንስፔክተሯ ቀኝ እጇን እያሻሸች ከግቢው መሥሪያ ክፍል መደርደሪያ ያነሳችውን አንድ መደገፊያ ዘረጋችላቸው። «የእኔም አንጓ ያመኛል። እስኪ ይሰሩልኝ፤ በአንድ እጄ አልሆን አለኝ።»

አቶ አባይነህ ገልብጠው አዩት። አውራ ጣቷን በማይገባበት ቀዳዳ ሊያስገቡ ታገሉ፣ አንዱን ቀበቶ ዘለሉት፣ ሌላውን በሙሉ ኃይላቸው ሳቡት።

«ይቅርብኝ፤ ጣቶቼን እፈልጋቸዋለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እኔ ማረሻ እንጂ ይሄን ምኑን አውቄው» አሉ አዛውንቱ።

የሟቹ ልጅ ሃይሚ ከየካ አባዶ በሚኒባስ ስትደርስ እኩለ ቀን ሆኖ ነበር። መሥሪያ ቤት ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የምትጽፍ ናት፤ እሷም በቀኝ እጇ አባቷ የሠሩትን መደገፊያ አድርጋለች። ለቅሶዋን እስክትጨርስ ኢንስፔክተሯ ጠበቀቻት።

«አባቴ በሩን ሳይቀረቅር አይተኛም» አለች ሃይሚ። «ጅብ ግቢ ውስጥ ይገባል እኮ እዚህ። እኔ ጋ ኮንዶሚኒየም ና ስለው "አራተኛ ፎቅ ላይ ሰቅለሽ ልታስቀምጪኝ ነው?" ይለኛል። ዓርብ ዕለትም በዚሁ በስልክ ተጨቃጨቅን።»

«መደገፊያቸውን ማን ነበር የሚያስርላቸው?»

«ማንም። አንድ ጊዜ ላስርልህ ብለው "ገና የአልጋ ቁራኛ አልሆንኩም" ብሎ ተቆጣኝ። ሳያስር ግን አይተኛም። ያንን ሁላችንም እናውቃለን።»

«ለእኔ ታስሪልኛለሽ?»

ሃይሚ እንባዋን እየጠረገች መደገፊያውን በኢንስፔክተሯ እጅ ላይ አሳረፈችና መጀመሪያ መካከለኛውን ቀበቶ ያዘች፤ ከዚያ ታችኛውን፣ ከዚያ ላይኛውን። በየቀኑ ለራሷ የምታደርገው ስለሆነ እጇን ማየት እንኳ አላስፈለጋትም።

ብዙም ሳይቆይ ነአምን መጣ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ንጹህ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት። የደንበኞቹን እጅ የሚለካው፣ መደገፊያውንም የሚያለብሳቸው እሱ ነው። ሟቹ ይቆርጣሉ፣ ሶሬቲ ትሰፋለች፣ እሱ ያለብሳል፤ የግቢው ሥራ እንዲህ ነበር። ሃይሚን አቅፎ አጽናናትና ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ።

«ሶሬቲን አትጨክኑባት» አለ። «ሆን ብላ አይደለም። ትንሽ ልጅ አላት፣ ደክሟት ረስታ ነው።»

«ጥሩ ልብ አለህ። ቅዳሜ መጥተህ ነበር?»

«ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ቤቴ ነበርኩ።»

«አዲሱን መደገፊያ፣ ብረቱ ጎበጥ ያለውን፣ የፈለሰፍከው አንተ ነህ አሉ። ሽማግሌው ወደውት ነበር?»

ነአምን ፈገግ ሊል ፈልጎ ኀዘኑ ያዘው። «መጀመሪያ ተከራክረውኛል። አሮጌው ቡናማ ቆዳ ይሻላል ይሉ ነበር። በኋላ ግን አመኑበት። ይኸው በእኔ መደገፊያ ታስረው አይደል የሞቱት? የሚጠራጠር ሰው እጁን ይሰጣል?»

ኢንስፔክተሯ መደገፊያውን አነሳች። ከዚያ ቀኝ እጇን ዘረጋችለት።

«እስኪ ባለሙያ ይሰርልኝ።»

ነአምን ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። በግራ እጁ ክንዷን ደገፍ አድርጎ ያዘ። በጣቶቿ በኩል ያለውን ቀበቶ አሰረ፤ የክንዱን አስከተለ። በመጨረሻም አመልካች ጣቱን ከመካከለኛው ሥር አስገብቶ ጥብቀቱን እየለካ አንጓዋ ላይ አሳረፈው።

«አሁን ትንሽ ቀለል ይልዎታል» አለ።

«ቀለለኝ» አለች።

ሶሬቲን በጣቢያው ስታገኛት የቀሚሷ ደረት ረጥቦ ነበር። ጡቷ ወተት ሞልቶ ያፈስሳታል። ኢንስፔክተሯ አስቀድማ ሊሊሳን ጠራችው።

«ሕፃኑን አስመጡላት። አሁኑኑ።»

«ሃላፊው ሳይፈቅድ…»

«እኔ ፈቀድኩ በለው፤ ከተቆጣ ወደ እኔ ይምጣ።»

ሶሬቲ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣ ነበር። «እትዬ፣ እኔ ምድጃውን አውጥቻለሁ» አለች። «ጠዋትና ማታ የማደርገውን እንዴት እረሳለሁ?»

«ስታወጪው ከሰሉ እንዴት ነበር?»

«አልቋል። አመድ ለብሶ ጥቂት ፍም ነው የቀረው። ቀን ሙሉ ሲነድ ውሎ።»

«ስኒና ብርጭቆ ማን ያጥባል?»

«እኔ ነኛ። ጋሼ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካቸው ጣታቸው ይደነዝዛል። ማታ የጠጡበትን ጠዋት ስመጣ አጥበዋለሁ።»

«ቅዳሜ ማን መጣ?»

«ደንበኛ ብቻ። ባፈና የምትባል፣ የካ ሚካኤል ጸጉር የምትሠራ። አዲሱን መደገፊያ በፌስታል ይዛ መጣች። እኔ ስወጣ ገና ከጋሼ ጋር ነበረች፤ ምን እንዳሉ አልሰማሁም።»

«ጋሼ የቱን ነበር አድርገው የሚተኙት?»

«አሮጌውን ነዋ፤ ቡናማውን። አዲሱን ለሙከራ አንድ ሰሞን አደረጉትና አወለቁት። "ይሄ ብረት አንድ ቦታ እየነከሰኝ ነው" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እጃቸውን አላስነኩትም።»

ኢንስፔክተሯ ከመደገፊያው ጋር እጇን ሰጠቻት፤ ሶሬቲም አሰረችላት። መካከለኛውን ቀበቶ አስቀደመች።

«እንዲህ ማሰር ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ስፌቱን በራሴ እጅ ላይ ነው የምፈትነው። መሀሉን ካላስቀደምኩ ይንሸራተትብኛል።»

ሕፃኑ ሲመጣ ኢንስፔክተሯ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ቆየች። ምሽቱን ወደ የካ ሚካኤል ወረደች። ባፈና ጠባብ በሆነችው የጸጉር ቤቷ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር፤ መጎንጎን ስላቃታት ደንበኞቿን ወደ ጎረቤቷ ልካለች። ኢንስፔክተሯ የባፈናን አውራ ጣት በብዕር ጫፍ ስትነካ አልተሰማትም።

«ማበጠሪያ ከእጄ ይወድቅብኛል» አለች ባፈና። «እጄን የለካኝ ሐኪሙ ልጅ፣ "ትለምጂዋለሽ፣ አታውልቂው" አለኝ። ጋሼ ተክለብርሃን ግን አንድ ጊዜ አይተው መደገፊያዬን ተቀበሉኝና ወዲያው ስልክ ደወሉ።»

«አንቺ ፊት?»

«እኔ ፊት። ስልክ ጨብጠው መያዝ ስለማይችሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በስፒከር ነው የሚያወሩት።»

ባፈና የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት። ኢንስፔክተሯም በማግስቱ ጠዋት እንጦጦ እንድትመጣ ለመነቻት።

ሰኞ ጠዋት ሁሉም በሟቹ ግቢ መሥሪያ ክፍል ተሰበሰቡ። አቶ አባይነህና ሃይሚ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ባፈና እጇን በነጠላዋ ሸፍና በሩ አጠገብ ናት። ነአምን መደርደሪያውን ተደግፎ ቆሟል። ሶሬቲ ልጇን ታቅፋ ከአንዲት ሴት ፖሊስ ጋር ገባች። ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ያደረች ስለሆነ ብርሃኑ ዓይኗን እያስጨነቃት ነው። አቶ አባይነህ ሲያዩዋት ፊታቸውን አዞሩ።

«በቀላሉ ልጀምር» አለች ኢንስፔክተር ሙሉጌጥ። «ሶሬቲ ምድጃውን አወጣሁ ስትል አላመናችኋትም። እንግዲህ ረሳችው እንበል። ስትሄድ ምድጃው ውስጥ የነበረው የቀኑ ትራፊ ፍም ነው። እኔ ትናንት ጠዋት ያገኘሁት ግን እስከ አፉ አመድ የሞላ ምድጃ ነው። ከእሷ በኋላ አንድ ሰው አዲስ ከሰል ጨምሮበታል።»

«ራሱ ጨምሮ ይሆናል፤ ብርድ ነበር» አሉ አቶ አባይነህ።

«ይሆናል። ስለዚህ ወደ በሩ እንሂድ። ሃይሚ እንደነገረችኝ ሳይቀረቅሩ አይተኙም። በሩ ግን እርስዎ ሲገፉት ተከፈተ። ሁለት ብርጭቆዎች ታጥበው ነበር። ሽማግሌው ማታ ዕቃ አያጥቡም፤ ሲቀጥል ደግሞ አንድ ሰው በሁለት ብርጭቆ ሻይ አይጠጣም። እንግዳ ነበረባቸው። እንግዳው የወጣው እሳቸው ከተኙ በኋላ ነው፤ ከውጭ ሆኖ ደግሞ መቀርቀር አይቻልም።»

ሊሊሳ የቀበቶዎቹን ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ ለጠፈ።

«አሁን ይህን ተመልከቱ። መካከለኛው ቀበቶ ከሁለቱ በላይ ነው፤ በመጨረሻ የታሰረው እሱ ነው። በአንድ እጁ ለራሱ የሚያስር ሰው እንዲህ ማድረግ አይችልም። መካከለኛውን ካላስቀደመ ይንሸራተትበታል፤ ሃይሚም ሶሬቲም ለእኔ ሲያስሩልኝ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሽማግሌው ደግሞ ማንም እንዲያስርላቸው አይፈቅዱም። እንግዲህ ይህ መደገፊያ የታሰረው መቃወም በማይችሉበት ሰዓት ነው። እንግዳው አስተኝቷቸዋል። ደማቸው ለምርመራ ሄዷል፤ ውጤቱ ገና ስለሆነ በምን እንዳስተኛቸው አልናገርም። አልጋ ላይ ካጋደማቸው በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ሳያስሩ እንደማይተኙ ሁሉም ያውቃል። እጃቸው ሳይታሰር ቢገኙ ልጃቸው ትጠይቃለች። ስለዚህ አሰረላቸው።»

ሃይሚ አፏን በመዳፏ ከደነች።

«ሁላችሁንም እጄን እንድታስሩልኝ ጠይቄአችኋለሁ» ቀጠለች ኢንስፔክተሯ። «አቶ አባይነህ ሊቆርጡኝ ነበር። ጣትና ክንድ አስቀድሞ አንጓውን በመጨረሻ እየለካ ያሰረልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። በሙያው ትክክል ነው። ደንበኛውን በአንድ እጁ ደግፎ ይይዛል፣ ነርቩ የሚያልፍበትን ቦታ ለመጨረሻ ያቆየዋል። ሺህ ጊዜ ያደረገው ነገር ስለሆነ እጁ ሳያማክረው ደገመው።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ነአምን ዞሩ። እሱ ከመደርደሪያው አልተነቃነቀም።

«ይህ ልማድ እንጂ ማስረጃ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «እኔን አይቶ የተማረ ሰውም እንዲህ ሊያስር ይችላል።»

«ልክ ነህ» አለች። «በዚህ ብቻ ሰው አላስርም። አቶ አባይነህ፣ በወንድምዎ እጅ ላይ የነበረው መደገፊያ ምን ዓይነት ነበር?»

«እኔ እጁን የት አየሁና? ብርድ ልብስ ለብሷል። ፊቱን ነው ያየሁት።»

«እርስዎ አላዩም። ሃይሚ ስትደርስ አስከሬኑ ሄዷል፤ እንደተሸፈነ ነው የሄደው። እጃቸውን ያየነው እኔና ሊሊሳ ብቻ ነን። ሶሬቲ እንደምታውቀው ደግሞ ሽማግሌው የሚተኙት በአሮጌው ቡናማ ነበር፤ አዲሱን ትተውታል። አንተ ግን ትናንት፣ ማንም ሳይነግርህ፣ "በእኔ መደገፊያ ታስረው አይደል የሞቱት?" አልከኝ። እውነትህን ነው፤ ጥቁሩ፣ አዲሱ ነበር። በምን አወቅክ?»

ነአምን ዓይኑን ከፎቶግራፉ ላይ አነሳ።

ኢንስፔክተሯ ከከረጢቱ የጠቆረውን ብረት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይህን ከምድጃው አመድ ውስጥ አገኘሁት። የአሮጌው መደገፊያ ብረት ቀጥ ያለ ነው፤ ጫፉ ጎበጥ ያለው የአዲሱ ነው። ጨርቁ ተቃጥሎ ብረቱ ቀረ፤ ከጋለ ፍም ውስጥ ደግሞ በእጅ አይወጣም። የማን መደገፊያ ነበር ባፈና?»

«የእኔ» አለች ባፈና። «ቅዳሜ ለጋሼ የሰጠኋቸው። ደውለው "የሴትዮዋ አውራ ጣት ደንዝዟል፣ ብረትህ ነርቯን እየተጫነ ነው፣ ዛሬውኑ ና" ሲሉህ እዚያው ነበርኩ ነአምን። "ሲመሽ እመጣለሁ" አልካቸው። ድምፅህን አውቀዋለሁ፤ እጄን የለካኸው አንተ ነህ።»

«ቅዳሜ ቤቴ ነበርኩ ብለኸኛል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ስልክህ ግን ያን ምሽት የት እንደነበር ከቴሌ እንጠይቃለን። ከመጠየቃችን በፊት ራስህ ብትናገር ይሻልሃል።»

ውጭ ነፋስ ባሕር ዛፉን ያንሿሿል። የሶሬቲ ልጅ ተነጫነጨ፤ እናቱ ደረቷ ላይ አስጠግታ ዝም አሰኘችው።

ነአምን ከመደርደሪያው ላይ እጁን አነሳና የራሱን ጣቶች አያቸው። «አዲሱን መደገፊያ ዛሬ ነበር ለሆስፒታል ሐኪሞች የማቀርበው» አለ። «ብዙ ለፍቼበታለሁ። ጥቂት ሰው ላይ ብቻ ነው ችግር ያመጣው፤ አስተካክለዋለሁ፣ ሰኞ ይለፍልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸው ግን ባፈናን ይዤ እመጣለሁ አሉ። እጇን ለሐኪሞቹ አሳያለሁ አሉ።»

«ሌላስ ምን አሉህ?»

«የለበሱት ሁሉ እስኪያወልቁት ድረስ አልተኛም አሉ።» ድምፁ ወረደ። «የእንቅልፍ መድኃኒት ይዤ ነበር የሄድኩት። በሻይ ሰጠኋቸው።»

«ሳትሄድ በፊት ነው የወሰንከው ማለት ነው።»

ነአምን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ትናንት ስለ ሶሬቲ ለመንከኝ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ደክሟት ነው፣ ረስታ ነው አልከኝ። እየተከላከልክላት መስሎኝ ነበር። ለካ እያሰርካት ነበር።»

ሊሊሳ ካቴናውን አወጣ። ነአምን ሁለት እጆቹን ሳይጠየቅ ዘረጋ። ሃይሚ ከመቀመጫዋ ተነስታ እስኪወጣ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው፤ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። በሩ ሲዘጋ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረች።

«ስንት ሰው ነው አሁን ያንን ለብሶ ያለው?»

«ያን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።»

«ስልክ ቁጥራቸው አባቴ ስልክ ውስጥ አለ» አለች ሃይሚ። «እንጀምር ሶሬቲ። አንቺ ስማቸውን ታውቂያለሽ።»

ሶሬቲ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ሴቷ ፖሊስ ከአጠገቧ ሄዳለች፤ ልጇን ይዛ በነፃነት መውጣት ትችላለች። የምታየው አቶ አባይነህን ነበር። አዛውንቱ ተነስተው ወደ እሷ ሄዱና ጎንበስ ብለው ጉልበቷን ሊነኩ እጃቸውን ዘረጉ። ወደ ኋላ ሸሸች።

«ይቅር በይኝ ልጄ። ኀዘን አሳበደኝ።»

«ጋሼ፣ ተነሡ» አለች። «እዚህ ያለነው ስድስት ሰው አንሞላም። እርስዎ ነፍሰ ገዳይ ያሉኝ ሰው ሁሉ በሞላበት ነው። ዛሬ ብወጣ የሚያየኝ ሁሉ "ከእስር ፈቷት" ነው የሚለኝ እንጂ "አልሠራችውም" አይለኝም። ልጄን የያዘችልኝ ጎረቤቴ እንኳ ትናንት ዓይኔን አላየችኝም።»

አቶ አባይነህ ሊመልሱ የፈለጉት ነገር ነበር፤ በሰፈሩ የሚከበሩ ሰው ናቸው፣ በሕዝብ ፊት ተሳሳትኩ ብለው አያውቁም። ኢንስፔክተሯ ጣልቃ አልገባችም።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ።

አስከሬኑ ከሆስፒታል ተመልሶ በዘጠኝ ሰዓት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ደረሰ። ግቢው ከላይም ከታችም በመጣ ሰው ተጨናንቋል፤ ከፈረንሳይ፣ ከየካ፣ ሽማግሌው እጁን ያከሙት ሁሉ። ሶሬቲ ልጇን አዝላ በዛፎቹ በኩል ብቻዋን ቆማለች። ሴቶቹ እያዩአት በሹክሹክታ ያወራሉ፤ በዙሪያዋ ባዶ ቦታ አለ።

ጸሎቱ አልቆ ሬሳው ወደ ጉድጓዱ ሊወርድ ሲል አቶ አባይነህ እጃቸውን አነሱ። ካህኑ አዩአቸውና ቆም አሉ።

«ትናንት ከዚህ ደጃፍ ቆሜ ስለ አንዲት ልጅ የተናገርኩትን ሰምታችኋል» አሉ። «ሐሰት ነው። ሶሬቲ ምድጃውን አውጥታዋለች። ወንድሜን የገደለው ሌላ ሰው ነው፤ ተይዟል፤ በአፉም አምኗል። እኔ ሳልጠይቅ፣ ሳላጣራ ስሟን አጠፋሁ። የሰማችሁኝ ሁሉ ላልሰማው ንገሩልኝ።»

ከሴቶቹ አንዷ፣ ልጇን ይዛላት የነበረችው ጎረቤቷ፣ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች፤ አጠገቧ ያሉትም ተከትለው ፈቀቅ አሉ። መንገድ ተከፈተ። ሶሬቲ ልጇን በጀርባዋ አስተካክላ፣ ፊቷን ቀና አድርጋ በመካከላቸው አለፈች፤ ከሃይሚ ጎን፣ ከቤተሰቡ መስመር ቆመች።

ካህኑ ጸሎቱን ቀጠሉ።